ባይፓስ ፊልትሮን በዘይት ምርመራ ማወዳደር፦ ሪፖርቱ ከመምጣቱ በፊት የሚያልቀው ሥራ

ሁለት ዓይነት ባይፓስ ፊልትሮ (ከዋናው ጎን የሚገጠም ተጨማሪ የዘይት ፊልትሮ) ሞክሮ የትኛው እንደሚሻል ማወቅ የሚፈልግ የመኪና ባለቤት የላብራቶሪውን ወረቀት ዘርግቶ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዘይቱ ውስጥ ያለው ብረት የቱ ላይ አነሰ?» እኔ መልሼ የምጠይቀው ደግሞ ናሙናውን ማን እንደቀዳው፣ መኪናው ምን ሲሠራ እንደከረመ፣ ሾፌሩ ግቢ ከመግባቱ በፊት ዘይት ጨምሮ እንደሆነ ነው። እነዚህ ካልታወቁ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ስለ ፊልትሮው የሚነግረን ነገር የለም። ብረቱም ቢሆን ፊልትሮን ከፊልትሮ ለማወዳደር መጨረሻ ላይ የሚታይ እንጂ መጀመሪያ የሚታይ ቁጥር አይደለም። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

የምሠራው ገላን፣ ከአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ገባ ብሎ ያለ ጋራዥ ውስጥ ነው። ወደ ግቢያችን የሚመጡት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት መኪኖች ናቸው፦ የጅቡቲ መስመር ተሳቢዎችና ከካባ ጠጠር የሚያመላልሱ ገልባጮች። ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት እነሱን እያሰብኩ ነው።

ፊልትሮው ምን እንደሚሠራ ባጭሩ

ዋናው ፊልትሮ ሞተሩ የሚፈልገውን ዘይት ሁሉ ማሳለፍ ስላለበት በጣም ጥብቅ ሊሆን አይችልም። በደንብ የሚይዘው ከ20 እስከ 40 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ያለውን ብናኝ ነው። ኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ከሚሽከረከርበት ብሮንዝ የሚለየው የዘይት ሽፋን ግን ሞተሩ ሲሠራ ጥቂት ማይክሮን ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ከዋናው ፊልትሮ የሚያመልጠው ደቃቅ ብናኝ ነው ቀስ እያለ የሚበላው። ባይፓሱ ከፍሰቱ ጥቂቱን፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ ያነሰውን፣ በጠባብ ቀዳዳ ይወስድና በጥብቅ ፊልትሮ አጥርቶ ወደ ታች ይመልሰዋል። ዘይቱ ሁሉ በአንዴ አይጣራም፤ ሞተሩ ሲሠራ ሲውል በተራ በተራ ይደርሰዋል።

ገበያ ላይ የምታገኙት በሦስት ይከፈላል። አንዱ በጥብቅ የተጠቀለለ ወይም የተደራረበ ወረቀት ነው፤ ይህ ትንሽ ውሃም ይመጥጣል። ሁለተኛው ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ነው። ሦስተኛው ወረቀት የሌለው፣ ዘይቱን በኃይል አሽከርክሮ ቆሻሻውን ግድግዳው ላይ የሚለጥፍ ነው። ቮልቮ ዲ13 ሞተር ያለው ሰው ከፋብሪካ የተገጠመ ባይፓስ አለው፤ ሦስት ፊልትሮ ታያላችሁ፣ ሁለቱ ዋና ናቸው፣ አንዱ ባይፓስ። እሱ ላይ ሌላ ከመጨመራችሁ በፊት ያለውን በወቅቱ መቀየራችሁን አረጋግጡ።

ካርቶኑ ላይ «1 ማይክሮን» የሚል ብቻ ካለ ምንም አልተባለም። አንድ ማይክሮን ካለው ብናኝ ስንት በመቶውን ነው የሚይዘው? ቤታ የሚባለው ቁጥር ይህን ነው የሚመልሰው፦ ቤታ 2 ማለት ግማሹን፣ ቤታ 75 ማለት 98.7 በመቶውን፣ ቤታ 1000 ማለት 99.9 በመቶውን ይይዛል ማለት ነው። ግማሹን እያሳለፈ «1 ማይክሮን» ተብሎ የሚሸጥ አለ። ሻጮች ማሳየት የሚወዱት ሌላ ወረቀትም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ከጄኔራል ሞተርስ የወጣ ጥናት ነው። ከ40 ማይክሮን ፊልትሮ ወደ 15 ማይክሮን ሲወረድ የሞተሩ መበላት በ70 በመቶ ቀነሰ ይላል። ጥናቱ እውነተኛ ነው። ግን ውጤቱ ቶሎ እንዲታይ ዘይቱ ውስጥ ሆን ተብሎ አቧራ እየተጨመረ የተደረገ ሙከራ ስለሆነ እናንተ መኪና ላይ ያው 70 በመቶ ይደገማል ማለት አይደለም። ለዚህም ነው በራሳችሁ ዘይት መለካት የሚያስፈልገው።

መኪናውን ከራሱ ጋር አወዳድሩ

ፊልትሮ «ሀ»ን ገልባጩ ላይ፣ ፊልትሮ «ለ»ን ተሳቢው ላይ ገጥሞ ሁለት ወረቀት ማስተያየት ከንቱ ድካም ነው። ገልባጩ ቀኑን ሙሉ ካባ ውስጥ አቧራ ሲውጥ፣ ቆሞ ሲያጓራ፣ አጭር መንገድ ሲመላለስ ይውላል። ተሳቢው ከእኛ ከፍታ ተነስቶ አዋሽን አልፎ እስከ ጋላፊ ድረስ ዘይቱ በደንብ ሞቆ ይሄዳል። አንዱ ላይ ሲሊከን (የአቧራ ምልክት) እና ናፍጣ፣ ሌላው ላይ ሙቀት ያደከመው ዘይት ታገኛላችሁ፤ ሁለቱም የፊልትሮ ጉዳይ አይደሉም።

ስለዚህ መጀመሪያ መኪናው ያለ ባይፓስ ሁለት የዘይት ለውጥ ያህል ይሂድና ናሙናው ይያዝ። መነሻችሁ እሱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል፤ ፊልትሮውን ገዝቶ ሁለት ወር ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ ያንገበግባል። ግን ያለ መነሻ «ቀነሰ» ማለት አይቻልም። ከምን ቀነሰ?

የእኛ አገር ሌላ ጣጣ ወቅቱ ነው። በበጋ «ሀ»ን፣ በክረምት «ለ»ን የሞከረ ሰው «ለ» እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ልንገረው፤ ዝናቡ አቧራውን አጥቦለታል፣ ካባውም ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው። መፍትሔው ተመሳሳይ ሥራ ያላቸውን ሁለት መኪኖች ይዞ ማቀያየር ነው። አንደኛው በ«ሀ» ጀምሮ ወደ «ለ» ይሂድ፣ ሌላኛው በ«ለ» ጀምሮ ወደ «ሀ» ይምጣ። አንዱ ፊልትሮ በሁለቱም መኪና፣ በሁለቱም ወቅት ከበለጠ ያኔ እናምነዋለን።

ዘይቱም አንድ ይሁን። ከተቻለ በበርሜል ግዙና ከበርሜሉ ያልተነካ ናሙና ላኩ። ዘይት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ዚንክ፣ ፎስፈረስና ካልሲየም፣ አንዳንዱ ላይም አረፋ የሚከላከል ሲሊከን ይገባበታል። አዲሱ ዘይት ምን እንደነበረ ሳታውቁ ያገለገለው ላይ ያያችሁት ሲሊከን አቧራ ይሁን ከፋብሪካ የመጣ መለየት አትችሉም። በሙከራው መሀል ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳይፈስ በመገጣጠሚያ መሀል የሚገባውን) በሲሊኮን ማስቲሽ የገጠመ መካኒክም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለው ሥራ መዝገብ ላይ ይስፈር።

ከአየር ፊልትሮው እስከ ቱርቦው ያለውን ቱቦም ፈትሹት። ሲሊከንና አሉሚኒየም አብረው ከወጡ አፈር ገብቷል ማለት ነው። የተሰነጠቀ ቱቦ ባለበት ሞተር ላይ ባይፓስ መግጠም በር ከፍቶ ወለል መጥረግ ነው፤ ቱቦው ይቀየርና ሙከራው እንደገና ይጀመር።

ናሙና አቀዳድ

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ ወይም በጠፋ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቅዱ። መኪናው አድሮ ጠዋት ከተቀዳ ከባዱ ብናኝ ከሥር ተኝቷል፤ እጅግ ንጹህ ዘይት ትልካላችሁ፣ ፊልትሮውንም በማይገባው ታመሰግናላችሁ። ከሁሉ የሚሻለው ከዋናው ፊልትሮ በፊት ባለው መስመር ላይ ትንሽ የናሙና ቫልቭ ማስገጠም ነው። ቫልቭ ከሌለ በእጅ ፓምፕና በቀጭን ቱቦ በመለኪያ ዘንጉ ቀዳዳ በኩል ይሳባል። ቱቦውን በመለኪያ ዘንጉ ለኩና ጫፉ ዘይቱ መሀል እንዲደርስ ቁረጡት፤ ሥሩን እንዳይነካ። ሁልጊዜ ያው ርዝመት ይሁን፣ በየጊዜው ግን አዲስ ቱቦ። መጀመሪያ የወጣውን ትንሽ ዘይት ድፉት።

ከባይፓሱ መውጫ ላይ የተቀዳ ናሙና ለማወዳደሪያ አይሆንም። ሻጩ እዚያ ነው የሚቀዳላችሁ። ከመውጫው ንጹህ ዘይት መውጣቱ የታወቀ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ሞተሩ የሚጠጣው ዘይት እንዴት እንደሆነ ነው።

የእኛ ግቢ አቧራማ ነው፣ የእናንተም ከዚህ ብዙ አይለይ ይሆናል። ጠርሙሱ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ተከድኖ ይቆይ። አጠገባችሁ ፍሌክስ (ብረት መቁረጫ) የሚያስጮህ ሰው ካለ ጨርሶ እስኪሄድ ጠብቁ። የውሃ ፕላስቲክ አጥቦ መጠቀም አይቻልም፤ ላብራቶሪው የሚሰጠው ጠርሙስ ለብናኝ ቆጠራ የተዘጋጀ ነው።

የሾፌሩ ነገር ደግሞ ይኸውና። ጎበዝ ሾፌር ዘይት ጎድሎ ወደ ጋራዥ መግባት አይወድም፤ ዱከም ላይ ቆሞ ሞልቶ ይገባል፣ ከዚያ «ጋሼ፣ ሙሉ ነው፣ እዩት» ይላል። ቅንነት ነው፤ ቁጥሩን ግን ገደል ይከተዋል። እንበል ሞተሩ 30 ሊትር ይይዛል፣ 6 ሊትር ጎድሎበታል፣ በቀረው 24 ሊትር ውስጥ ብረቱ 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) ነው። 6 ሊትር አዲስ ዘይት ሲገባ ያው ብረት በ30 ሊትር ይከፈልና 40 ፒፒኤም ይሆናል። ፊልትሮ ሳይነካ 20 በመቶ «ተሻሻለ»። ስለዚህ ሾፌሩን አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ለጉዞ የሚያሰጋ ካልሆነ ናሙና ከመቀዳቱ በፊት አይጨመር፤ ከተጨመረም ስንት ሊትርና በስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ ይጻፍ። ደብተር ጋቢናው ውስጥ በገመድ ይታሰር፤ ሳይታሰር የቆየ ደብተር አላየሁም።

ባይፓሱ ራሱም እንዲሁ ያታልላል። ቤቱና ቱቦዎቹ ተጨማሪ ዘይት ይይዛሉ። 30 ሊትር የነበረው 34 ሊትር ከሆነ፣ ምንም ነገር ሳይጣራ 50 የነበረው 44 ገደማ ሆኖ ይወጣል። ትልቅ ቤት ያለው ፊልትሮ ከትንሹ ጋር ሲወዳደር በዚህ ብቻ ሊያሸንፍ ይችላል። ፒፒኤሙን በጠቅላላው ሊትር አባዙና ዘይቱ በሄደው ኪሎ ሜትር በሺህ በሺህ ቆጥራችሁ አካፍሉት፤ ለእያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ስንት ሚሊግራም ገደማ እንደሆነ ታገኛላችሁ። ሊትርና ኪሎ ግራም አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ለማወዳደር ግን ስህተቱ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሆነ ይጣፋል። ናሙናውም የፊልትሮው ወረቀት ከመቀየሩ በፊት ይቀዳ፤ ወረቀት ሲቀየር አዲስ ዘይት ይገባልና።

ላብራቶሪውን ምን ልጠይቅ

ርካሹ ምርመራ የብረታ ብረት ዝርዝርና የዘይቱን ውፍረት ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ለፊልትሮ ማወዳደሪያ አይበቃም። በአይ.ኤስ.ኦ 4406 የሚሰጥ የብናኝ ቆጠራ፣ የጥቀርሻ መጠን፣ ቲ.ቢ.ኤን (ዘይቱ አሲድን ለማርከስ የቀረው አቅም)፣ የናፍጣ ቅልቅልና ውሃ ጨምሩበት። የብናኝ ቆጠራውን በምን ዘዴ እንደሚሠሩም ጠይቁ። የናፍጣ ሞተር ዘይት በጥቀርሻ ስለሚጠቁር በብርሃን የሚቆጥረው መሣሪያ ይሳሳታል፤ ዘይቱን አቅጥነው ካልሆነ ወይም በወንፊት መደፈን በሚለካው ዘዴ ካልሆነ ቁጥሩ አይታመንም።

በአንድ ጊዜ ከተቀዳ ዘይት ሁለት ጠርሙስ ሙሉና በተለያየ መለያ ቁጥር ላኩ። ላብራቶሪው ለአንድ ዘይት 38 እና 42 ብሎ ከመለሰ፣ በ«ሀ» እና በ«ለ» መካከል ያያችሁት የአራት ፒፒኤም ልዩነት ምን ያህል እንደሚያወጣ ገባችሁ። ለአንድ ተጨማሪ ጠርሙስ የሚከፈለው ገንዘብ ከዚህ ሁሉ በጣም የሚያዋጣው ነው። በሙከራው መሀል ላብራቶሪ አትቀይሩ።

ቁጥሩን ማንበብ

ከአይ.ኤስ.ኦ ቁጥሩ ጀምሩ። 22/20/17 ዓይነት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ4፣ ከ6 እና ከ14 ማይክሮን የሚበልጡ ብናኞችን በቅደም ተከተል ያሳያሉ። አንድ ቁጥር መውረድ ማለት ብናኙ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። 18 ማለት ከ1,300 እስከ 2,500 ብናኝ ሲሆን 22 ማለት ከ20,000 እስከ 40,000 ነው። ከ22/20/17 ወደ 18/16/13 የወረደ ዘይት ብናኙ በ16 እጥፍ ገደማ ቀንሷል፤ ይህ ሊካድ የማይችል ሥራ ነው። የአንድ ቁጥር ልዩነት ላይ ግን ውሳኔ አታድርጉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ወርደው ሦስተኛው ባይነቃነቅ አትደንግጡ፤ ትልቁን ዋናው ፊልትሮ አስቀድሞ ይይዘዋል፣ ባይፓሱ የሚለየው በደቃቁ ነው።

ቀጥሎ ጥቀርሻ። አንዷ የጥቀርሻ ቅንጣት ከማይክሮን እጅግ ታንሳለች፤ ተሰብስባ ስትተልቅ ነው ፊልትሮ የሚይዛት። ከ2,000 ሜትር በላይ ስለምንኖር አየሩ ስስ ነው፣ አሮጌ ሞተር ጭኖ ሲወጣ በደንብ ያጨሳል፣ ጥቀርሻውም ዘይቱ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ በፊልትሮዎች መካከል እውነተኛ ልዩነት ይታያል። የዘይቱን ቀለም አይታችሁ ግን አትፍረዱ። ሱማሌ ተራ መለኪያ ዘንግ በነጭ ጨርቅ ጠርጎ ፊልትሮ የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ እለፉ።

አሁን ወደ ብረቱ። አይ.ሲ.ፒ የሚባለው የብረታ ብረት መለኪያ በደንብ የሚያየው ከ5 እስከ 8 ማይክሮን የማይበልጠውን ብናኝ ነው። ጥሩ ባይፓስ ደግሞ ከዚያው ውስጥ ብዙውን ይለቅማል። ስለዚህ ብረቱ 50 ከነበረበት 25 ሲገባ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ የሞተሩ መበላት ቀነሰ፣ ወይም ያው እየተበላ ፊልትሮው ማስረጃውን አንስቶታል። ወረቀቱ ሁለቱን አይለይም። ዘይቱ መጥራቱን ግን በእርግጠኝነት ይናገራል፤ ፊልትሮን ከፊልትሮ የምናወዳድረውም በዚያ ነው።

ብረት፣ ክሮሚየም፣ እርሳስና መዳብ ለሌላ ነገር ይጠቅማሉ፦ ለማስጠንቀቂያ። ብረት ከካሚቻው (ፒስተኑ ከሚመላለስበት ሲሊንደር)፣ ክሮሚየም ከፋሻው (ከፒስተኑ ቀለበት)፣ እርሳስና ቆርቆሮ ከብሮንዙ ይመጣሉ። መዳብ ከብሮንዙም ከዘይት ማቀዝቀዣውም ሊሆን ይችላል። ባይፓስ ከተገጠመ በኋላ የድሮው የማስጠንቀቂያ ወሰን አይሠራም። በፊት «ብረት ከ100 ሲያልፍ ጥሩኝ» ትሉ ከነበረ፣ አሁን ከተለመደው 25 ወደ 45 የዘለለ ሞተር ነው መጥራት ያለበት። ይህን ያልቀየረ ሰው ወረቀቱ «መልካም» እያለው ብሮንዝ ሊያቃጥል ይችላል። የወጣውን ፊልትሮም ሳትቆርጡ አትጣሉት። ከፍታችሁ ማግኔት አስጠጉት፣ ብርሃን ላይ እዩት፤ መሣሪያው የማያየው ትልቁ ቅንጣት የተኛው እዚያ ነው።

ሶዲየምና ፖታሲየም አብረው ከወጡ የራዲያተር ፈሳሽ እየገባ ሊሆን ይችላል። ናፍጣ ከተቀላቀለ ደግሞ ውፍረቱ ይወርዳል፤ 40 ቁጥር ዘይት በ100 ዲግሪ ከ12.5 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) በታች መውረድ የለበትም። ሁለቱንም ፊልትሮ አያወጣቸውም። አንዳንድ አምራች ናፍጣውንና ውሃውን ለማትነን ማሞቂያ ያስገባበታል፣ ግን የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ባለበት ሞተር ላይ እሱም አይደርስበትም። ውሃን በቤታችሁም መጠርጠር ትችላላችሁ፦ የጋለ ምጣድ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ስትጥሉ ከተንጣጣ ውሃ አለበት። መነጽር አድርጉ።

ዘይቱን ማቆየት ይቻላል ወይ

ባይፓስ የሚገዛው አብዛኛው ሰው ፍላጎቱ ይህ ነው። ፊልትሮ ቆሻሻ ያወጣል እንጂ ያለቀ ኬሚካል አይመልስም። ከናፍጣው የሚመጣውን አሲድ የሚያረክሰው የዘይቱ ክምችት በቲ.ቢ.ኤን ይለካል፤ ናፍጣው ሰልፈር ሲበዛበት ቶሎ ያልቃል። ከአዲሱ ዘይት ቲ.ቢ.ኤን ግማሽ ላይ ሲደርስ፣ ብናኙ የቱንም ያህል ቢጠራ እኔ አስቀይራለሁ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አይዳሆ ያለው ብሔራዊ ላብራቶሪ አውቶቡሶች ላይ ባይፓስ ገጥሞ ሲሞክር ዘይቱን በየ12,000 ማይሉ፣ ማለትም በየ19,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እያስመረመረ ነበር ይቀየር አይቀየር የሚለውን የሚወስነው። ያለ ምርመራ «ፊልትሮ አለኝና» ብሎ ማራዘም ሌላ ነገር ነው።

ስትገጥሙም፣ ከገጠማችሁም በኋላ፣ ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሠራ ያለውን የዘይት ግፊት መዝግቡ፤ በግልጽ ከወረደ የጠባቡ ቀዳዳ መጠን ትክክል አይደለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የፊልትሮውን ቤት በጥንቃቄ ንኩት። ሞተሩ ግሎ እሱ ቀዝቃዛ ከሆነ ዘይት አያልፍበትም፣ ተደፍኗል፤ የዚያን ጊዜ የተቀዳውን ናሙና ከሙከራው አውጡት። ለንዝረት ያልጠበቀ ቱቦ ገልባጭ ላይ ብዙ አይቆይም፤ ከጭስ ማውጫው አርቃችሁ አስሩት።

በመጨረሻ ሁለቱ ፊልትሮዎች በብናኝ ቆጠራ በአንድ ቁጥር ብቻ ከተለያዩ እኩል ናቸው ብላችሁ ወደ ወጪ እለፉ። የዘይቱን፣ የፊልትሮ ወረቀቱን፣ የምርመራውንና መኪናው የቆመበትን ቀን ደምሩና ለኪሎ ሜትሩ አካፍሉ። ወረቀቱ ዓመቱን ሙሉ ገበያ ላይ የሚገኘውን ውሰዱ፤ ጥሩውን ገዝቶ መለዋወጫው ሲጠፋ የመጸዳጃ ወረቀት ጠቅልሎ የከተተ ሰው አውቃለሁ። ዋናውን ፊልትሮ ደግሞ የትኛውንም ባይፓስ ብትመርጡ በወቅቱ መቀየራችሁን አታቋርጡ።